ሌላ የታየ ነገር

ባለፈው ሳምንት አፏን በስፒል ሞልታ የተውናት ልብስ ሰፊ ዛሬም እዚያው መስኮቷ ሥር ተቀምጣለች። ስፒሎቹን አውጥታለች፤ ብስጭቱን ግን አላወጣችውም። ምን እንዳበሳጫት የማያውቅ አንባቢ ካለ አይቸገር፤ ነገሩ የጀመረው ከአውራ ጣት ብዙም በማትበልጥ ወፍ ነው፤ አልቋጭ ያለውም በእሷው ነው።

ሰፈሩ ልጅቷን መርፌ ይላታል። ቀጭን ናት፤ ሲነኳት ደግሞ ትወጋለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካሳደገቻት አክስቷ ጋር መንገድ ዳር ባለች አንድ ክፍል ውስጥ፣ አክስትየው በበሩ በኩል እሷ በመስኮቱ በኩል፣ በሁለት የስፌት መኪና ልብስ ይሰፋሉ። ሰውየው ደግሞ ከመንገዱ ጫፍ ካለው ባለ ፎቅ ቤት የሚወጣ የተፈጥሮ ጥናት ቢሮ ሠራተኛ ነው። ሥራው የወፍ ጎጆ እየፈለገ ስንት እንቁላል እንደተጣለና ስንቱ እንደተፈለፈለ መመዝገብ ስለሆነ፣ ሰፈሩ ወፍ ቆጣሪው ብሎት አረፈ። እናቱ የቀድሞ ርዕሰ መምህርት ናቸው። ልጃቸው ማንን ቢያገባ እንደሚሻል ማሰብ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ በሐሳባቸው የምትመጣው ሴት ግን አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላ አታውቅም።

ወፍ ቆጣሪው መጀመሪያ የመጣው የቦርሳውን ማንገቻ ሊያሰፋ ነበር። ማንገቻው በአሥር ደቂቃ አለቀ፤ ሰውየው ግን ሁለት ወር ሙሉ ከመስኮቱ አልጠፋም። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ስለ ወፍ ያወራል፤ እሷ ጨርቅ እየቆረጠች ታዳምጣለች። የሚያወራው ስለ ወፍ ብቻ ነው። ግን ሰው ስለ ወፍ እያወራ ሌላ ነገር የሚያይበት አስተያየት አለ፤ ቀኑን ሙሉ በመርፌ ቀዳዳ ክር ስታሾልክ የምትውል ሴት ደግሞ እንዲህ ያለው አያመልጣትም።

አንድ ጠዋት፣ የመስኮቱ የግራ መዝጊያ ላይ በተጠመጠመው ሐረግ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ ጎጆ ስትሠራ አየች። ደስ ይለዋል ብላ ራሷ ነገረችው። ይህን ባስታወሰች ቁጥር ምላሷን መንከስ ያምራታል። ደስማ አለው። ደስ ብሎት ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመስኮቱ ጠፋ።

ምክንያቱን አስረድቷታል። ቁራ ብልጥ ነው፤ ሰው ቆሞ የሚያየውን ነገር እሱም ያያል፤ ሰውየው ዞር ሲል መጥቶ እንቁላሉን ይበላል። ስለዚህ የግራው መዝጊያ አይከፈትም፤ መስኮቱ ሥር ማንም አይቆምም። እሱ ራሱ በቀን አንዴ፣ አሥር ሰዓት ላይ ብቻ ያልፋል። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ ጫፉ ላይ የእጅ መስተዋት የታሰረበትን ረጅም ዘንግ ፊት ለፊቱ ከፍ አድርጎ፣ ሹፌር ኋላውን እንደሚያየው ጎጆውን በመስተዋት ያያል። አንድ ደቂቃ። ከዚያ ይሄዳል።

ወፏ እንቁላሏን ጥላ መታቀፍ ስትጀምር፣ እሷም ከውስጥ ሆና የምታየውን በየቀኑ እንድትመዘግብ የታተሙ ካርዶች ሰጣት። ቀን፣ ወፏ የወጣችበት ሰዓት፣ የተመለሰችበት ሰዓት፣ የታየው እንቁላል ብዛት። ከሁሉም ግርጌ አንድ ባዶ መስመር አለ፤ "ሌላ የታየ ነገር" ይላል። ካርዱን ሥራ ስትጨርስ ፖስታ ውስጥ ከትታ በሩ ላይ በተሰቀለው ከረጢት ታኖረዋለች፤ በማግሥቱ ሲያልፍ ይወስደዋል።

"እያሸጉ ያስቀምጡልኝ፣" ብሏት ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እያሸጉ። መርፌ ይህችን ቃል ይዛ አንድ ሌሊት አደረች። ወፏ ስንት ሰዓት ላይ እንደወጣች ምን ምሥጢር አለው? የሚታሸገው አክስት እንዳታነበው ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያቺን የግርጌ መስመር የራሷ አደረገቻት።

በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ጻፈች፦ "ወፏ ረጋ ብላ ታቅፋለች። እርስዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።"

በሦስተኛው ቀን፦ "የኮትዎ ሁለተኛ ቁልፍ ላልቷል።"

በአምስተኛው፦ "ቁልፉ ወደቀ። ልብስ ሰፊ መሆኔን ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ ብዬ ነው።"

በስድስተኛው ቀን "እርስዎ" መባባሉ ቀረ፦ "ዛሬም ያለ ቁልፍ አለፍክ። መስኮቱን ተወው፣ ቤታችን እኮ በር አለው።"

በስምንተኛው፦ "አንገትህን አሞህ ከሆነ ንገረኝ። ጤነኛ አንገት በስምንት ቀን አንዴ እንኳ ይዞራል።"

መልስ የለም። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ከመስኮቱ ማዶ አንድ ግራጫ ኮፍያ ከኋላ ይታያታል፤ ከኮፍያው በታች፣ ከከረጢቱ ፖስታ ሲወስድ ከጎን ያየችው፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው ኮት አለ፤ ደቂቃው ሲያልቅ ኮፍያው ይሄዳል። አክስቷ የስፌት መኪናዋን እያዞረች፣ እኔ በጉብዝናዬ ዘመን ብዙ ዓይነት ወንድ አይቻለሁ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚያሽኮረምም ግን ገና ዛሬ አየሁ ትላለች።

በአሥረኛው ቀን ርዕሰ መምህርቷ ካፖርት ሊለኩ መጡ። መርፌ ተንበርክካ፣ ስድስት ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ የካፖርቱን ጠርዝ ስታስተካክል፣ ሴትየዋ ከላይ ሆነው ለዘብ ባለ ድምፅ ተናገሯት።

"ልጄ፣ የኔ ልጅ እዚህ የሚመላለሰው ለወፏ ነው። ወፏ ስትበር እሱም ይሄዳል። እንዳትጎጂ ብዬ ነው የምነግርሽ።"

ክፋት አልነበረበትም፤ ያቃጠላትም ይኸው ነው። መልስ ነበራት፣ ያውም ሁለት መልስ። ስድስት ስፒል ይዞ ግን አፍ አይከፈትም። ሴትየዋ አመስግነው፣ ለሁለተኛ ልክ ቅዳሜ እንደሚመጡ ተናግረው ሄዱ። የዚያን ቀን ካርድ ግርጌ "እናትህ መጥተው ነበር" ይላል፤ ሌላ የለውም።

ይህ ሁሉ ላይበቃ አክስትየው ከተማ ልትለቅ ነው። ሌላ ከተማ ያለው ወንድሟ ሰፋ ያለ ክፍል አዘጋጅቶላታል፤ የጭነት መኪና ሐሙስ ጠዋት ይመጣል። አክስት ነገር ማርዘም አትወድም፤ አንዱን የስፌት መኪና ልጫን ወይስ ሁለቱንም ብላ ጠየቀቻት። አንዱ ከተጫነ መርፌ ትቀራለች፤ ክፍሉም ደንበኛውም የእሷ ይሆናል። ሁለቱ ከተጫኑ አብራ ትሄዳለች። መልሱ እስከ ረቡዕ ማታ።

"ለሥራሽ ብለሽ ብትቀሪ መርቄሽ ነው የምሄደው፣" አለቻት። "ለአንድ ኮፍያ ብለሽ ብትቀሪ ግን አንቺ መርፌ፣ ክር የለሽም እልሻለሁ።"

ሰኞ ዕለት፣ በአሥራ ሁለተኛው ካርድ ላይ፣ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ጻፈች፦ "ሐሙስ እንሄዳለን። መቅረት እችላለሁ። ጠይቀኝ።"

ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ፖስታውን ከከረጢቱ ሲያወጣ በዓይኗ አየችው። ማክሰኞ ምሽት ማንም አልመጣም። ረቡዕ ጠዋት በሩ በተንኳኳ ቁጥር እጇ መኪናው ላይ ይቆማል፤ አንዴ ሱሪ የሚያሳጥር፣ አንዴ ዚፕ የተበላሸበት፣ አንዴ አድራሻ የጠፋበት። በአሥራ ሦስተኛው ካርድ ግርጌ ምንም አልጻፈችም። የምትጽፈው አልቆባት ነበር።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ኮፍያው መጣ። ያለ ቁልፍ። ፖስታውን ከከረጢቱ ወስዶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ጀርባውን ሰጠ፤ ዘንጉን ከፍ አደረገ።

መርፌ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ተነስታ ወጣች። ፊት ለፊቱ ቆመች። በአሥራ ሦስት ቀን ውስጥ ፊቱን ከቅርብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር፤ ከስቷል፤ መክሳቱም አናደዳት።

"አነበብከው?"

"ምኑን?" አለ በሹክሹክታ። ዓይኑ አሁንም መስተዋቱ ላይ ነው።

"ካርዱን። የሰኞውን።"

"አልተከፈተም።"

"አልተከፈተም ማለት ምን ማለት ነው?"

ዘንጉን ቀስ ብሎ አወረደና ቦርሳውን ከፈተላት። አሥራ ሦስት ፖስታ። አሥራ ሁለቱ በላስቲክ ታስረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ተራ ቁጥር ተጽፏል፤ እሷ በምላሷ ያሸገችው ጠርዝ አንዱም አልተነካም።

ደንቡ ነው አላት። የእሷ ቆጠራና የእሱ ቆጠራ መተያየት የለባቸውም። ሰው የሌላውን ቁጥር አስቀድሞ ካነበበ የራሱ ዓይን ያንን ቁጥር ማየት ይጀምራል። ስለዚህ ጎጆው እስኪለቀቅ ድረስ ታሽጎ ይቆያል፤ ከዚያ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይከፈታሉ። "እያሸጉ ያልኩዎት እኔም እንዳላየው ነው እኮ፣" አለ፤ እንደ ቀላል ነገር።

እፎይ ማለት ነበረባት። አልናቃትም፣ አልሸሻትም፤ ጨርሶ አልሰማትም ነበር እንጂ። ግን እፎይታው ሊመጣ ሲል ቁጣው ቀደመው። ስለ ቁልፍ፣ ስለ በር፣ ስለ አንገት፣ ያቺ "ጠይቀኝ" የምትለው ቃልም ሳትቀር፣ ሁሉንም የጻፈችው ለአንድ ቦርሳ ነው። ማንገቻውንም የሰፋችው ራሷ ናት።

ያን ጊዜ የመብራት ሽቦው ላይ ቁራ አረፈ። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ቁልቁል ተመለከታቸው።

"ግባ፣" አለችው።

"የት?"

"ቤት። ቁራው እያየን ነው።"

እጅጌውን ይዛ ጎተተችው። ሁለት ወር ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ የኖረ ሰው በበሩ ገባ፤ ዘንጉን በሩ ውስጥ ለማሳለፍ ሁለት ጊዜ መሞከር ነበረበት።

አክስት ወለሉ ላይ ተቀምጣ የክር ጥቅልሎችን በየቀለማቸው ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች። ቀና ብላ አየችውና፣ ፊትም አለው ለካ፣ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

መርፌ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደግፋ እጆቿን አጣመረች። ዛሬ ማታ መልስ መስጠት እንዳለባት፣ መልሱ ደግሞ እዚያ ቦርሳ ውስጥ ባለው በአሥራ ሁለተኛው ፖስታ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ነገረችው። ውስጡ ምን እንዳለ አልነገረችውም። የተጻፈ ነገር አለ፣ ደግሜ አልናገረውም አለች።

"አሁን ከከፈትኩት የዚህ ጎጆ መዝገብ ይሰረዛል፣" አለ። የተናገረው ለራሱ ነው የሚመስለው።

"እንግዲያውስ አትክፈተው። ጫጩቶቹ ሲበሩ አንብበህ በፖስታ ቤት መልስ ትልክልኛለህ።" ዞር ብላ የቀረውን ክር ማንሳት ጀመረች። ያነሳችው ክር ቀዩ ይሁን ጥቁሩ አላየችውም።

ከኋላዋ ላስቲክ ሲበጠስ ሰማች። ስትዞር ወፍ ቆጣሪው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትልቁን የጨርቅ መቀስ አንስቷል፤ የመጀመሪያውን ፖስታ ጫፍ በስለቱ መሐል አግብቷል።

በልብስ ሰፊ ቤት የጨርቅ መቀስ ወረቀት አይነካም። ወረቀት ስለቱን ያደነዝዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ሐር ይነክሳል እንጂ አይቆርጥም። መርፌ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች በዚያ መቀስ የደብተር ወረቀት ቆርጣ የቀመሰችውን ቁንጥጫ ዛሬም ታስታውሰዋለች። አክስት ከወለሉ ግማሽ ተነስታ አፏን ከፈተች። ከዚያ መርፌን አየቻት።

መርፌ ወደ መቀሱ እጇን አልዘረጋችም።

አክስት አፏን መልሳ ዘጋችው፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። መቀሱ ወረቀቱን ሲቆርጥ ድምፁ ተሰማ፤ አሥራ ሦስት ጊዜ፣ አንድ ባንድ። መርፌ በእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እየዘገነናት ቆመች።

በተራ ቁጥሩ አነበባቸው፤ ይህ ሰው ከመሐል ጀምሮ ማንበብ የሚያውቅ አይደለም። በሦስተኛው ላይ ኮቱን ቁልቁል አየ። በአምስተኛው ላይ እጁን ኪሱ ከተተና የወደቀውን ቁልፍ አወጣ፤ ዘጠኝ ቀን ይዞት ሲዞር ኖሯል። እሷ ቁልፉን ከእጁ ነጠቀችው፣ ክር አሾለከች፣ ኮቱን ሳታስወልቀው መስፋት ጀመረች። እጇ ሥራ ካልያዘ መቀሱን የምትወረውር መስሏት ነበር። በስምንተኛው ላይ አንገቱን አሻሸ። በአሥረኛው ላይ ቆመ።

"እናቴ ምን አለችሽ?"

አንቺ ማለቱን ሁለቱም ሰሙ። የተባለችውን እንደተባለችው ነገረችው፤ ቃል አልጨመረችም።

"እኔንም እሁድ ጠየቀችኝ፣" አለ። "ወፏ ስትበር እዚያ መመላለስህ ያበቃል አይደል አለችኝ። ከወፏ በፊት ሁለት ወር ተመላልሻለሁ፣ ለወፍ አልነበረም አልኳት። ከእሁድ ጀምሮ ምሳ ላይ አታናግረኝም።"

መርፌ እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። "ይህን ለእናትህ ነገርካት።"

"አዎ።"

"ለእኔስ?"

"ወፏ ስትበር ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ ነው የምትበረው?"

"ከተፈለፈሉ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ አሥራ ሦስት ይፈጅባቸዋል፣" አለ ወፍ ቆጣሪው፣ በታማኝነት። አክስት ገመድ ልፈልግ ብላ ወጣች፤ ገመዱ እግሯ ሥር ነበር።

አሥራ ሁለተኛውን ካርድ ሁለት ጊዜ አነበበው። የእሷ መርፌ ቁልፉን ስቶ ጨርቁን ወጋ፤ ሃያ ዓመት በመርፌ የኖረች ሴት።

"ቅሪ፣" አለ።

"ጠይቀኝ ነው የሚለው፤ እዘዘኝ አይልም።"

ኮፍያውን አወለቀ። ፀጉሩ ከኮፍያው ሥር ተጋድሞ እንደ ልጅ አስመስሎታል። "ትቀሪልኛለሽ?"

አሥራ ሦስት ቀን ያስጠበቃትን ሰው ክሩን በጥርሷ እስክትበጥስ ድረስ ብታስጠብቀው ግፍ አይደለም። ለስፌት መኪናዬ ነው የምቀረው አለችው፤ ክፍሉ ብርሃን አለው፣ ደንበኛም አላጣሁም። "አንተ ደግሞ በዚህ ሰፈር የምትኖር ከሆነ መንገዱ የሁሉም ነው። እናትህ ቅዳሜ ለልክ ይመጣሉ። ያን ቀን ስፒል በአፌ አልይዝም።"

"እኔም እመጣለሁ፣" አለ። "በበሩ።"

ሊሄድ ሲል ነው ካርዶቹን እንደገና ያገላበጠው። ግንባሩ ተቋጠረ። የእሷ ካርድ በሁሉም ቀን አራት እንቁላል ይላል። የራሱን ደብተር አውጥቶ አስተያየው፤ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። አራተኛው በሐረጉ ቅጠል በኩል መሆኑን፣ ወፏ ወጣ ስትል ከመስኮቱ ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ ነገረችው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ምን ስትቆጥር ነበር ብላ ጠየቀችው።

ጆሮው ቀላ።

"መስተዋቱን ትንሽ ዘንበል ሳደርገው መስኮቱ ይገባል፣" አለ። "ሦስት እስክቆጥር አሥር ሴኮንድ ይበቃኛል። የቀረውን ደቂቃ ጎጆውን አልነበረም የማየው። አንድ ቀን ቀና ትያለሽ ብዬ ነበር። ግን አንቺ ኮፍያዬን ነበር የምታዪው።"

መርፌ ቢሮው በዚህ ሰው ላይ ስንት ወረቀት እንዳባከነ አሰበች። የእሷም ዓይን ያው ነው፤ በመርፌ ቀዳዳ የሚያሾልክ ዓይን፣ አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ከኮፍያው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የተሰቀለ መስተዋት አላየም። ማን ላይ ልትቆጣ? "ሂድ፣" አለችው፣ "ሂድ አሁን፣ አበሳጨኸኝ።" ሄደ። ሲሄድ ኮቱ እስከ ላይ ተቆልፎ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የጭነት መኪናው አንዱን የስፌት መኪና ጭኖ ሄደ። አክስት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ፣ ያንን መቀስ አስስዪው፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አለቻት፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መርፌ መኪናው ከመንገዱ ጫፍ እስኪታጠፍ ቆማ አየች። ስትመለስ ክፍሉ በአንድ የስፌት መኪና ብቻ በጣም ሰፍቶ ጠበቃት። ከሐረጉ ውስጥ ደግሞ ትናንት ያልነበረ፣ ክር ሲጎተት የሚመስል ቀጭን ጩኸት ይሰማል። በመስኮቱ ስታጮልቅ አራት የተከፈቱ አፎች አየች።

አሥር ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። አንድ ደቂቃ አለፈ። በአሥራ ሦስት ቀን አንዴም ያልዘገየ ሰው ዛሬ መዘግየት ነበረበት። መቀሱን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ በልቧ ሁለት ሦስት ነገር ተናገረችው።

ከዚያ ግራጫው ኮፍያ መጣ፤ እንደ ደንቡ ጀርባውን ሰጠ። ዘንጉ ከፍ አለ። መርፌ ኮፍያውን አላየችም። በመስተዋቱ ውስጥ መጀመሪያ ቅጠል አለፈ፣ ቀጥሎ ጎጆው፣ ቀጥሎ አራቱ አፎች፤ እዚያ ላይ ረጋ ብሎ ቆየ፤ ዛሬ በደንብ ቆጠረ። ከዚያ መስተዋቱ በጣም ቀስ ብሎ ዘንበል አለ፤ የመስኮቱ ጠርዝ ገባ፣ የእሷ የአንገት ሜትር ገባ፣ ከዚያ የእሱ ዓይኖች።

ፊቷን ልታኮሳትርለት አስባ ነበር፤ አንድ ደቂቃ ዘግይቷላ። ግን ያው ፊቷ አልኮሳተር ብሎ ፈገግ አለባት፤ አንድ ደቂቃ እንዲህ አጭር መሆኗንም እስከዛሬ የነገራት አልነበረም።